በሃምሳው የታዘዘልኝ ስግደት

ይህ የሆነው ያለፈው ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን ነው። ከልቤ ያልወጣው ልታለል ስለነበር ብቻ አይደለም። በማን አፍ እንደዳንኩ ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

ሸማ ተራ ነጠላ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። አንዲት ልጄ ሕይወት ዓረብ አገር ናት፤ ስትጠፋ ወር ትጠፋለች። ቤት ስገባ የሚያናግረኝ ስልኬ ብቻ ነበር። ቴሌግራም ላይ መዝሙር እከፍትና ከሥሩ፣ አስተያየት መስጫው ላይ፣ «ልጄ በሰው አገር ናት፣ በጸሎት አስቧት» ብዬ እጽፋለሁ።

በዐቢይ ጾም አንድ ሰው በዚያው በቴሌግራም ጻፈልኝ። ፎቶው ላይ መስቀል ይዟል። «ልጄ፣ ስጸልይ ታየሽኝ። ባሕር ማዶ ያለች ልጅ አለችሽ» አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በድምፅ «እንዴት አደርሽልኝ?» ይለኝ ጀመር። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ!

ቀስ እያለ ማዘዝ መጣ። ለንስሐ አባቴ እንዳልነግር አስጠነቀቀኝ። ፊት ለፊቴ ክር የምትሸጠውን ዘይነባን እንድርቃት፣ ዓይኗ በልጄ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ስንት ዓመት አብራኝ ምሳ የበላችውን ሴት ሰላምታ ነፈግኋት።

በመጨረሻ «ሦስት ረቡዕ እህል ሳትቀምሺ ዋዪ፤ አርባ አንድ አርባ አንድ ስገጂ። የሕይወትንም ስልክ ላኪልኝ፣ እኔው አናግራታለሁ» አለኝ።

በመጀመሪያው ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ቁጥሯን ልልክለት ስልኬን እንደያዝኩ ዘይነባ ጎመን በአይብ ይዛ መጣች።

«ኩርፊያሽን ኋላ ትጨርሻለሽ፤ መጀመሪያ ብዪ።»

«ጾም ላይ ነኝ» አልኳት ቀና ሳልል።

ሳቀች። «የምን ጾም ነው ደግሞ? ሃምሳው ወጣ እንዴ? እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔማ ቀን ቆጥሬ ነው አይቡን ያመጣሁት!»

በሃምሳው እንደማይጾም፣ እንደማይሰገድም ከልጅነቴ አውቃለሁ። ፍርሃት አስረስቶኝ ነው።

ለሰውየው «አባ፣ በሃምሳው ይሰገዳል እንዴ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«መጠራጠርሽ ራሱ የዚያች ሴት መተት ነው። ቁጥሩን ቶሎ ላኪ» አለኝ።

ያኔ እነዚያ መዝሙሮች ሥር ገብቼ የራሴን ጽሑፍ አነበብኩ። በጸሎት ታየኝ ያለው ሁሉ እዚያ አለ። የነገርኩት እኔው ነበርኩ። ሰውየውን ከስልኬ አጠፋሁት። በማግስቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

ዘይነባን ይቅርታ ስጠይቃት ሁሉንም ነገርኳት። «ዓይኔ በልጅሽ ላይ?» አለች። «አንቺ ስትኮሪ የኔ ዓይን አይቡ ላይ ነበር!»

እውነቱን ልናገር። ማለዳ ላይ ያ ድምፅ አሁንም ይናፍቀኛል። ያሸነፈኝ ትንቢቱ ሳይሆን «እንዴት አደርሽልኝ» ማለቱ ነበር። ቤቴ ዛሬም ጭር ያለ ነው። ሕይወትም አሁንም ትጠፋለች።

ግን እግዚአብሔር ይመስገን፤ ረቡዕ በመጣ ቁጥር አንዲት ሴት ከወዲያ ማዶ ትጣራለች፦

«አልማዝ! ዛሬስ ይበላል?»