ጋሽ መዶሻ መፍቻ ሲመርጥ

ጋሽ መዶሻን ሰፈሩ እንዲያ ብሎ የጠራው ያለ ነገር አልነበረም። ብስክሌት ሲጠግን ባረጀባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰንሰለት የሚፈታው በሁለት ነገር ነው፦ በመዶሻና ጫፉ በተሞረደ ሚስማር። ሚስማሩን የሰንሰለቱን መጋጠሚያ በያዘችው ፒን ላይ ያቆምና ኳ ሲያደርጋት ሰንሰለቱ ይፈታል። ጠግኖ ሲጨርስ ያችኑ ፒን መልሶ ኳ፣ አለቀ። ከመንገዱ ማዶ በሰንሰለት መፍቻ የሚሠራውን ጠጋኝ «ቀስበል» ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። «ሰንሰለት ለመፍታት መሣሪያ የሚያሻው ሰው ጫማውንም በመሣሪያ ሳያስር አይቀርም» እያለ ደንበኛ ያስቅ ነበር።

በኋላ አንድ ሰንሰለት በገዛ ልጁ እግር ሥር ተበጠሰ። ልጁ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች፤ ያለ ብስክሌት በሰዓቱ የማይደረስበት ቦታ ነው። ዳገቱን ልትወጣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ፔዳሉን ስትረግጥ ሰንሰለቱ ለቀቀና በፊቷ አስፋልቱ ላይ ተደፋች። ትከሻዋ ተሰበረ፣ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጋሽ መዶሻ ለጠየቀው ሁሉ «የዘንድሮ ሰንሰለት ወረቀት ነው» እያለ ፋብሪካውን ሲረግም ከረመ። ራሱም አመነው። ሰው ሲጨንቀው የማያምነው ነገር የለም።

አጥንቷ ገጥሞ ወደ ሥራ ልትመለስ ስትል ግን ስጋት ገባውና የሰንሰለት መፍቻ ሊገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይሄ ነው። ሻጯ መፍቻዎቹን ስትደረድርለት እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ትልቁና ከባዱ ሄደ። የለመደ እጅ ምን ያድርግ?

«እሱ ለወፍራም ሰንሰለት ነው አባቴ። የርስዎ ብስክሌት ማርሽ አለው?»

«የልጄ ነው። ብዙ ማርሽ አለው።»

«እንግዲያው ሰንሰለቱ ቀጭን ነው። ይቺን ይውሰዱ፤ ሰንሰለቱን አቅፋ ይዛ ፒኑን ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች። ይቺ ስስ ብረት ደግሞ መለኪያ ናት፤ ሰንሰለቱ መሃል ስምጥ ካለች አልቋል ማለት ነው፣ ይቀይሩት።» ቀጥላ ትንሽ የሰንሰለት ማገናኛ አስቀመጠችለት። «የቀጭን ሰንሰለት ፒን አንዴ ከወጣ መልሰው እንዳይመቱት፤ በዚህች ይግጠሙት። ቀዳዳው ይሰፋል። የያዘ ይመስላል እንጂ ጉልበት ሲመጣበት ይለቃል።»

ጋሽ መዶሻ ትዝ አለው። ልጁ ልትወድቅ ሰሞን ሰንሰለቱ ረዘመብኝ ብላው አሳጥሮላት ነበር። ያችኑ ፒን መልሶ፣ ኳ። ፋብሪካውን በከንቱ ነው የረገመው፤ ልጁን የጣላት የገዛ እጁ ነው።

ወደ ራሱ ሱቅ ተመልሶ አዲስ ሰንሰለት አስገባላት። በአዲሷ መፍቻ ልኩን ቆርጦ በማገናኛው ገጠመው። እንደ ወትሮው የተቃጠለ የሞተር ዘይት አልደፋበትም፤ በየመጋጠሚያው ጠብ ጠብ አድርጎ ትርፉን በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፦ ብስክሌቱን እየገፋ መንገዱን ተሻገረና «እስቲ እይልኝ» አለው ቀስበልን። ቀስበል ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ አጠፍ ዘርጋ አደረገ። «ደህና ተሠርቷል» አለና ብስክሌቱን መለሰለት። ቢያሾፍበት ይቀለው ነበር።

ልጁ ስትመጣ አላድበሰበሰም። «የጣለሽ የኔ መዶሻ ነው ልጄ። ሰንሰለቱ ምንም አልነበረበትም» አላት።

ምላሷ ወደ ጎደለው ጥርሷ ሄደ። «ይሁን አባባ። ያለፈው አልፏል» አለችና ትከሻውን ሳመችው።

«ቀስበልም አይቶታል። አሁን ብትረግጪው አይለቅም።»

«አምንሃለሁ» አለችው።

ብስክሌቱን ይዛ ወጣች። «ንጂው እንጂ» አላት ከበሩ ላይ።

«እስከ ማዕዘኑ ልግፋው። ሰው በዝቷል።»

መንገዱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ጋሽ መዶሻ ማዕዘኑን እስክትታጠፍ ጠበቀና ተከትሏት ሄዶ በግድግዳው ጥግ አንገቱን አሰገገ። ልጁ ያንን ረጅም ዳገት በእግሯ ተያይዛዋለች፤ ብስክሌቱን በደህናው እጇ እየገፋች፣ ሥራ እንዳይረፍድባት እየተጣደፈች።