ከውኃ ጉድጓዱ በላይ

ለፀሐይ የተሰጣ ጀንፈል ቡና ዝናብ መትቶት ሲሻግት የሚያወጣው ኮምጣጣ ሽታ ዛሬም የሆነ ቦታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ አብሮት የሚመጣብኝ የሽንት ቤት ግማት ነው።

ያደግሁት ቦንጋ፣ እትዬ አስካለ በሚባሉ ሴት ግቢ ነው። አባቴ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ነበር፤ እሱ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት በአንዲት የጭቃ ክፍል ታጭቀን እንኖር ነበር። ግቢው ውስጥ ስድስት ክፍሎች ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ስለተሠሩ፣ ጎረቤት ሲያስል እኛ ቤት ጭቃ ይረግፍ ነበር። ቦንጋን ዝናብ ለቋት አያውቅምና ወለላችን አይደርቅም፣ ፍራሻችን ከሥሩ ይሻግታል፣ ትኋኑም በሌሊት ሲግጠን ያድራል። ለስድስቱም ቤተሰብ የነበረችው ሽንት ቤት አንዲት ብቻ ነበረች።

ክረምት ሲገባ እሷም ሞልታ በርብራቡ መሐል ትገነፍልና፣ ትሉ እየተሳበ እስከ ደጃፋችን ይመጣ ነበር። እናቴ አመድ እየበተነች ትራገማለች፤ እኛ በአንድ እጃችን አፍንጫችንን፣ በሌላው ቀሚሳችንን ይዘን፣ በጣቶቻችን ቆመን እንገባለን። ይህን ስጽፍ እንኳ ይቀፈኛል።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የግቢው ወንዶች አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር ተስማሙ። ደህናው ቦታ ከግቢው በታች ያለው ሜዳ ነበር፤ እትዬ አስካለ ግን ከማንኪራ የሚያስመጡትን ቡና የሚያሰጡት እዚያ ስለነበር፣ እየተንደረደሩ መጥተው «ቡናዬ ላይ? ቆሜ ሳለሁማ አይሆንም! ከላይ በኩል አልቆፍርም ያለ ዕቃውን ይሸክፍ» አሉ። ከላይ በኩል ማለት፣ ሁላችንም ከምንጠጣው የውኃ ጉድጓድ በላይ ማለት ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ገብሬ፣ የሺሺንዳ ሰው፣ ማር ነጋዴ፣ ዶማቸውን ተደግፈው አባቴን «መምህር፣ ውኃ ወደ ታች አይደል የሚሄደው? ይሄ ነገር የት ይሄዳል?» ሲሉ ጠየቁት። አባቴ እትዬ አስካለን በጎን አየት አደረገና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ችግር የለም፣ አፈሩ ያጣራዋል» አለ።

የመምህር ቃል ነውና ሁሉም አምኖ መቆፈር ጀመረ። እኔ ግን ከሚያስተምርበት መጽሐፍ ላይ ሽንት ቤት ከውኃ ጉድጓድ በታች በኩል ሲቆፈር የሚያሳየውን ሥዕል፣ እሱ ራሱ በጣቱ እያመለከተ አሳይቶኝ ነበር። ለተመዳቢ ሠራተኛ ሌላ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ስለነበር፣ ከመባረር መዋሸትን መረጠ።

በጋው በደህና አለፈ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ባልዲው ላይ አረፋ ይንሳፈፍ ጀመር፣ ጣዕሙም ተለወጠ። ሴቶቹ «የቅጠል ነው» እያሉ በነጠላ ያጠሉት ነበር፤ ሁላችንም ጠጣነው።

ምሕረትን ተቅማጥ ያዛት። እናቴ ጨውና ስኳር በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣት ነበር፤ የበጠበጠችበት ግን ያንኑ ውኃ ነው። በአራተኛው ቀን አባቴ አዝሏት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ፣ ከሰዓት በኋላም በጋቢው ጠቅልሎ ይዟት ተመለሰ። ከሁሉ ቀድመው ደረታቸውን የደቁት እትዬ አስካለ ነበሩ። ለለቀስተኛው ውኃ የተቀዳው ከዚያው ጉድጓድ ነበር፤ አባቴም ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሲቀዳ እያየ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከሽታውም ከትሉም ይልቅ ያስጠላኝ ያ ዝምታው ነው።

በዓመቱ ክፍሉ ገብቼ ተማሪው ሆንኩ። ሥዕሉ ያለበት ገጽ ሲደርስ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ይሄን ቤታችሁ አንብቡት» አለና አለፈው። ክፍሉ ሙሉ ደስ አለው፤ እኔ ዴስኬ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ።

ዛሬ የምኖረው በሌላ ከተማ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ቧንቧው ቤት ውስጥ በሆነ ቤት ነው፤ ትልም ትኋንም የለም። ቤቱ ግን የኪራይ ነው። ባለፈው ሳምንት የውኃው ታንከር ውስጡ አረንጓዴ ለብሶ አይቼ ለአከራዬ ስነግራቸው፣ «ምንም አይል፣ ዝቃጩ ከታች ነው የሚቀረው» አሉኝ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። እኔም «እሺ» አልኳቸው።