የነነዌ ሰኞ በካዋይ ባህር ዳር

እሁድ፣ ከዴንቨር

ካዋይ በምትባለው የሃዋይ ደሴት ባህሩን ተከትሎ የሚሄድ የሩጫ መንገድ እንዳለ ቪዲዮ ላይ ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ዴንቨር አጠገብ፣ እኛ በምንኖርባት አውሮራ ውስጥ በረዶ ላይ መሮጥ ሰልችቶኛል። እማዬ ደግሞ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ዓሣ አንበሪ ማየት። በየዓመቱ በነነዌ ጾም የዮናስ ታሪክ ሲነበብ ትሰማለች፣ ሰው ውጦ የሚያሳድር ዓሣ ምን ቢያህል ነው እያለች ትገረማለች። በዚህ ወቅት ከባህሩ ዳር ሆኖ እንደሚታይ ስነግራት፣ ሆስፒታል ጽዳት ከገባች ወዲህ ወስዳ የማታውቀውን ቫኬሽን ጠየቀች።

ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ርካሽ ቀን ፈለግኩ እንጂ ጾም መኖር አለመኖሩን አላየሁም። ለካ የያዝኩት ራሱን ነነዌን ነው። እማዬ ስታውቅ፣ "ዮናስም ሲሳፈር አላስፈቀደም" ብላ ሳቀች። እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ ኤርፖርት ሄደን መኪናውን ፓርክ አደረግን፤ ነጠላዋን እንደለበሰች ተሳፈረች። ገና ተራሮቹን ሳናልፍ በመስኮቱ ባህር ትፈልግ ነበር።

ስንወርድ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። ደሴቲቱ ላይ ባለቤት የሌለው ዶሮ በየመንገዱ ይዞራል። አንዱ ቀይ አውራ ዶሮ የተከራየነው መኪና ስር ገብቶ አልወጣም አለን።

"ጾም መግባቱን ሰምቷል" አለች እማዬ።

ሰኞ፣ መንገዱ ላይ

መንገዱ ድሮ የሸንኮራ አገዳ ባቡር ይሄድበት ነበር አሉ፤ አሁን ሲሚንቶ ነው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ባህሩ በቀኝ ነው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ጥላ ስር ያለ አግዳሚ ወንበር አገኘሁላት። አጠገቡ ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓሣ አንበሪው ጠዋት ጠዋት እዚሁ ፊት ለፊት ይወጣል ብለው ነገሩን።

"ዛሬ አብረን እንቀመጥ፣ ነገ ትሮጫለሽ" አለችኝ።

"እማዬ፣ የመጣሁት ልሮጥ ነው። ቶሎ እመለሳለሁ፣ እዚሁ ቆዪኝ።"

ሮጥኩ። የዴንቨርን ከፍታ የለመደ ሳንባ ባህር ዳር ክንፍ ያወጣል የሚሉት እውነት ነው። መንገዱ ከአሸዋው አጠገብ ተነስቶ ቀይ አፈር ወዳለው አፋፍ ይወጣል፤ ከታች ማዕበሉ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይፈነዳል፣ ርጭቱ ፊቴ ድረስ ይመጣል። የሚያልፈኝ ሁሉ "አሎሃ" ይለኛል፣ እኔ ትንፋሼን ላለማባከን ጭንቅላቴን ብቻ እነቀንቃለሁ። መጨረሻው ድረስ ሄጄ ዞርኩ።

ስመለስ፣ እማዬ ካለችበት በፊት ባለው መታጠፊያ፣ ሰዎች ወደ ባህሩ እየጠቆሙ ጮኹ። ዓሣ አንበሪው መሆኑ ገባኝ። ብቆም የሩጫ ሰዓቴ ይበላሻል ብዬ አንገቴን ብቻ አዞርኩ፤ ያየሁት ተመልሶ የሚወድቅ ነጭ ውሃ ነው። ምንም አይደል፣ እማዬ በደንብ አይታዋለች፣ ታወራልኛለች ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ።

እማዬ ወንበሩ ላይ አልነበረችም። ጀርባዋን ለባህሩ ሰጥታ መንገዱ ዳር ቆማለች።

"አየሽው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ዓሣ አንበሪውን ነዋ፣ አሁን የወጣውን።"

ያኔ ገና ወደ ባህሩ ዞረች። ውሃው ተኝቷል።

"ሰዎቹ ሲጮኹ አንቺ የወደቅሽ መስሎኝ" አለች። "መንገዱን ሳይ ነበር።"

ሽማግሌው፣ ዓሣ አንበሪው ሙሉ በሙሉ ከውሃው ወጥቶ እንደነበር፣ ሊያሳዩዋት እጇን እንኳን ነክተው እንደነበር ነገሩኝ። ሰዓቴን አጠፋሁና ወንበሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከንፈሯ ደርቆ ሳይ፣ አውሮራ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ መጾሚያው ሰዓት አልፏል፣ ውሃ ጠጪ አልኳት።

"ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው፣ ማንን ነው የማታልለው?" አለች።

ስለዚህ በደሴቲቱ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሁለታችንም ባህሩን ስናይ ዋልን። አንድም ነገር ብቅ አላለም። ከመንገድ ዳር በአምስት ዶላር የገዛሁትን ፓፓያ ቆርጬ ስሰጣት ወደ ባህሩ ጠቁማ፣ "እሱ እንኳን አይቶን ይሆናል" አለች።

ማክሰኞና ረቡዕ

ዝናብ። ባህሩና ሰማዩ አንድ ግራጫ ሆኑ። ከመኪናው ሳንወጣ በመስታወቱ አሻግረን አየን፣ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል። ረቡዕ ማታ ተመለስን።

አውሮራ

መንገዱ ውብ ነው፣ ለሚሮጥ ሰው ሁሉ ሂዱ እላለሁ። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው፤ ቆይኝ ያልነው ሰው ባህር አያይም። ወንበሩን ፊት ለፊት ስላስቀመጡለት ብቻ የሚያይ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሴቶቹ ከበዋት፣ ዓሣ አንበሪውን አየሽው ወይ አሏት።

"ወጥቶ ነበር" አለች እማዬ። "እኔ ልጄን እየጠበቅኩ ነበር።"

ወቀሳ የለበትም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መኪናው ስንሄድ ሳላስበው ቀድሜያት ኖሯል። ዞሬ፣ እስክትደርስ ቆምኩ።