ጌታሁን የጻፈልኝ ታፔላ

ሰሞኑን ጉርድ ሾላ አካባቢ ደንብ አስከባሪዎች መንገድ ዳር ያለ ፈቃድ የተተከሉ ታፔላዎችን እየነቀሉ ነው። ትናንት ከልጄ ቤት ስመለስ የታክሲው መስኮት ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ አንዱ ብረቱን ይቆርጣል፣ ሌላው የጸጉር ቤት ማስታወቂያ ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ይወረውራል። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት "እሰይ፣ ከተማው ሊያምር ነው" አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ጌታሁን ትዝ አለኝና ወራጅ ማለቱን ረስቼ ሰፈሬን አለፍኩ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእናቴ ግቢ በተከፈለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር። አባታችን ስላረፈ ታናናሾቼ የሚበሉት ከዚያች የስፌት መኪና ነው፤ ሱቋ ደግሞ ከመንገዱ ገባ ስለምትል የሚያያት የለም። ጌታሁን የሰፈሩ ታፔላ ጻፊ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ቀለም የነካቸው። እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። አስፋልቱ ዳር በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ሲያቆመው፣ "ሰናይት ልብስ ስፌት" ከሚለው ጽሑፍ ጎን ቀሚስ የለበሰች ሴት ሥሎበታል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ሰፈሩ ሳቀ። እናቴ ግን አተኩራ አየችውና "ይሄ ልጅ አንቺን ሲያይ ነው የከረመው" አለችኝ። እሱ ሳይናገር አገር ምድሩ አወቀብን።

ደንበኛ መጣልኝ። ጌታሁንም ከሥራ መልስ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በጋዜጣ ጠቅልሎ ብቅ ይል ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ስሰፋ፣ እሱ እሸቱን እየፈለፈለ ሲያቀብለኝ ክረምቱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

ታዲያ የእኔን ያየ ሁሉ ታፔላ ተከለ። ሥጋ ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው ሳይቀር። እግረኛው መሄጃ አጥቶ አስፋልቱን ያዘ። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ታፔላ ሲሸሹ ወደ መኪና መንገዱ ወርደው ታክሲ ገጫቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸው ግን አልቀናም። ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ በደንቡ መሠረት ያለ ፈቃድ የቆመ ሁሉ ይነሳል አለ። ነጋዴው ጮኸ። እኔም ልናገር ብድግ ስል እትዬ አስካለን በክራንች ተደግፈው በሩ ጋ አየኋቸው። መልሼ ተቀመጥኩ።

ጌታሁን ነቃዮቹን አልጠበቀም። በማግስቱ መዶሻ ይዞ መጣና "ሌላ ሰው እንዲነቅልሽ አልፈልግም" አለኝ። "እንዲነቅለው" አላለም።

የነቀለውን የታፔላ ላሜራ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን እንጦጦ እህቱ ቤት ልናስቀምጠው ወጣን። መስከረም ነው፤ ጭቃው ገና አልጠገገም፣ አደይ ፈክቷል፣ ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠግቦ ይሸታል። እህቱ ትኩስ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረበችልን። ስንበላ ከተማውን ቁልቁል እያየ፦

"ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ" አለኝ። "እዚህ ከእንግዲህ የሚያጽፈኝ የለም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

የያዝኩትን ድንች ሳህኑ ላይ መለስኩ። "እናቴንና ልጆቹን ለማን ትቼ?"

"አውቃለሁ" አለ። "ግን ሳልጠይቅሽ መሄድ አልቻልኩም።"

ቁልቁለቱን እጄን ይዞ አወረደኝ። ያን ሳምንት ሄደ። ቆይቶ እዚያው ትዳር እንደያዘ እህቱ ነገረችኝ፤ እኔም ደግ ሰው አግብቼ ወልጄ ከብጄ፣ ታናናሾቼን ለወግ ለማዕረግ አበቃሁ።

ትናንት ከታክሲ ወርጄ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። እግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ እንደ እኔ ያለ አሮጊት ሳይደናቀፍ ይሄድበታል። ደግ አደረጉ። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣም መልሴ አይለወጥም ነበር፤ እናቴን ትቼ የት እሄዳለሁ? ብቻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠይቀኝ።