ያለ ጋላቢ የቀደመው ዳማ

ዛሬ ጥር 12 ነው። እዚህ ጽፌ ስለማላውቅ እያፈርኩ ነው፤ ግን ያየሁትን ለሰው ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሟቹ አባቴ ፈረስ ዳማ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ሁሉንም ቀደመ።

ከአዳማ ወደ ዓለም ጤና፣ አጎቴ ጋ የሄድኩት የጥምቀትን የፈረስ ግልቢያ ለማየት ነበር። (ከጋሪ ፈረስ በቀር ሌላ አላውቅም፤ ጋሪውንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሳፈረው።)

አጎቴ አስረዳኝ። "መጀመሪያ ተሰልፈው ይቆማሉ። ዳኛው ሽማግሌ ዱላቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ይነሳሉ። ያንን ግራር ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል። ጋላቢው ከወደቀ ግን ፈረሱ ቢቀድምም አይቆጠርለትም።"

ዳማን ለአባቴ ክብር ብሎ ኮርቻ ጭኖ ዳር ላይ አስሮታል። ቅዳሜ ለባለጋሪ ሊሸጠው ነው። "የሚጋልበው የለም፤ ምን ላድርገው?" ይላል።

ዱላው ዝቅ ሲል ዳማ ገመዱን በጥሶ ተነሳ። ግራሩ ጋ ሲደርስ፣ ልጓሙን ሰው የሳበው ይመስል ፍጥነቱን ቀንሶ ዞረ። ከሁሉም ቀድሞ ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ። የሆነ ሰው እስኪወርድ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።

ሰዉ አንገቱን አስግጎ ጋላቢውን ፈለገ።

"ጋላቢው የት ወደቀ?" አለች ከጎናችን የቆመች ሴት።

"መጀመሪያም አልነበረውም" አላት አጎቴ።

ሽማግሌው "አይቆጠርም" የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኮርቻውን ስነካው ይሞቃል። ፀሐይ ነው ብያለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እኔ ነገ ጠዋት፣ ፈረስ ብፈራም፣ አጎቴን "አትሽጠው፤ መጋለብ አስተምረኝ" እለዋለሁ።