የሙሽሮቹን አውቶቡስ የጎተተች አማት

ስልኩ ሲጮኽ ዛጎርካ አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ የቤቷ ደፍ ላይ ቆማ ሙሽራዋን ትጠብቅ ነበር። አጠገቧ በርጩማ ላይ የአሳማ ስብ በሳህን ተቀምጧል። እንደ አገሩ ልማድ ሙሽራዋ ስትገባ በጣቷ ዝቃ የበሩን መቃን ትቀባበታለች፤ ኑሮዋ እንዲለሰልስላት ነው። አማት ደፍ ላይ ቆማ ያልተቀበለቻት ሙሽራ ደግሞ ቤቱን አትለምደውም ይባላል፤ ዛጎርካ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። እሷ የተዳረች ቀን አማቷ ታማ ተኝታ ነበር። በባዶ ደፍ ገብታ፣ በገዛ ቤቷ ስንት ዓመት እንደ እንግዳ ስትሽቆጠቆጥ ኖረች! የልጇ ሚስት ግን እንዲያ አትገባም፤ ምላለች።

«እማ፣ እንዳትቆጪ» አለ ልጇ ቪዶዬ በስልኩ። ቪዶዬ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሙሽራዬን በኪራይ መኪና አላመጣም ብሎ፣ ሰርገኛውን ሁሉ ከነጥሩምባ ነፊዎቹ በራሱ አውቶቡስ ጭኖ ነው የሄደው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሞተሩ ጠፋ። ተራራው ላይ፣ ጠምዛዛው ጋ ቆመን መንገዱን ዘጋነው።»

«ተራራው ላይ ምን ወሰዳችሁ? በሸለቆው አይደል የሄዳችሁት?»

«አጎቴ ራዶሳቭ ነዋ! ሰርገኛ በሄደበት መንገድ አይመለስም አለ።»

«ይሄ ጅል! በል ሰዉን አውርድ፣ ከአስፋልቱ አርቃቸው፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ። መጣሁ!»

በዚያ ወረዳ አውቶቡስ የሚያነሳ መጎተቻ መኪና ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ከሟች ባሏ ከድራጊሻ የወረሰችው ነው። ቱታ ልልበስ እንኳ አላለችም። አማት ከደፏ ተነስታ ሙሽራ ፍለጋ ስትወጣ ማን አይቷል? ልቧ እየዘለለ፣ እየሳቀችም እየተሳደበችም፣ ማርሹን እየቀያየረች ዳገቱን ወጣችው።

ስትደርስ ሰዉ ከአስፋልቱ ርቆ የተራራውን ጥግ ተደግፎ ቆሟል። ራዶሳቭና ጥሩምባ ነፊዎቹ ግን አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ጉድ ያቀልጡታል።

«ዛጎ! አንድ ጉንጭ የራኪያ አረቄ ቅመሺ!» አለ ራዶሳቭ በመስኮት ብቅ ብሎ። «አንቺ ጎትቺን፣ እነሱ ይንፉ! እንዲህ ያለ ሰርግ በዓለም የለም!»

«ውረድ!»

«ብርዱ እኮ...»

«ውረድ አልኩህ፣ ራዶሳቭ! የሚጎተት አውቶቡስ ውስጥ ዶሮም አትቀመጥም!»

እየተነጫነጩ ወረዱ። ዛጎርካ ከጠምዛዛው ወዲህና ወዲያ የማስጠንቀቂያ ምልክት አስቆመች። ከዚያ በአዲሱ ቀሚሷ አውቶቡሱ ሥር ገብታ በጀርባዋ ተንጋለለች። የኋላውን ጎማ ከማርሹ የሚያገናኘውን ዘንግ ካልፈታች፣ ጎማው እየዞረ ማርሹን ይፈጨዋል። ፈታችው። የአውቶቡሱን ፊት በመጎተቻዋ ክንድ አነሳች፣ በሰንሰለት ጠፈረች፣ የራሷን መኪና የንፋስ ቱቦ ከአውቶቡሱ ጋር ገጠመች። ንፋስ አልቆበት ጎማውን ነክሶ የያዘው ፍሬን «ፉሽሽ!» ብሎ ሲለቅ ሰዉ አጨበጨበ፤ ጥሩምባውም ተነፋ።

ይሄኔ የቪዶዬ ባልደረቦች ከከተማ የላኩት ሌላ አውቶቡስ ደረሰና ሰርገኛው ተግተልትሎ ገባ።

«ሙሽራዋም ከኛ ጋር ትሂድ» አለ ራዶሳቭ። «ደፉ ላይ አንዷ ጎረቤት ትቆምላታለች። ምን አለበት?»

ዛጎርካ ዞራ አውቶቡሱን አየች። ይህን ሁሉ ብረት ጠምዛዛው ላይ ጥላ ብትሄድ፣ ከወዲያ የሚመጣ ሰው ያልቃል። አደራውን የምትሰጠው ሌላ ጎታች ደግሞ የለም።

«ሙሽሮቹ ይሂዱ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ይሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

ሙሽራዋ ስሚልያና ከሰርገኛው ተነጥላ መጣች። ቬሏን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችና ወደ መጎተቻው ጋቢና ወጣች።

«እኔ ከእማ ጋር ነኝ።»

«ቀሚስሽ ይበላሻል፣ የኔ ልጅ!»

«የእርስዎስ?»

ቪዶዬም ተከትሎ ገባ፤ ተነሱ። ዛጎርካ ጥቂት እንደሄደች ቆማ ሰንሰለቱን ዳሰሰች። አላላም። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ! ማርሹን ከብዶ እንዲይዝ ዝቅ አድርጋ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረገች፣ ያንን ቤት የሚያክል ብረት በየጠምዛዛው አዞረችው። ስሚልያና በየጠምዛዛው እልል ትላለች።

«እማ፣ አውቶቡሴ ኋላችን እየመጣ ነው!» አለ ቪዶዬ መስታወቱ ላይ አፍጥጦ።

«ይምጣ እንጂ! ካልመጣማ ምን ጎተትን?»

ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዛጎርካ እንደዚያ ቀን ሆና አታውቅም፤ ደስታዋ ከጋቢናው ሊፈስ ምንም አልቀረው።

ግቢው ሲደርሱ ሰርገኛው ቀድሞ ገብቶ ተሰልፏል። ራዶሳቭ የጋቢናውን በር ከፍቶ እጁን ለሙሽራዋ ዘረጋ።

«አልወርድም» አለች ስሚልያና። «መጀመሪያ እማ ደፉ ላይ ይቁሙ።»

ዛጎርካ ዘላ ወርዳ ሮጠች። ደፉ ላይ ወጥታ ዞር ስትል ሳህኑን አየችው። ድመቷ ልሳ ጨርሳዋለች! ቀሚሷ ተቀዷል፤ ሁለት እጇ እስከ አንጓው በግራሶ ጠቁሯል፤ ሙሽራዋም ቀኝ እግሯን አስቀድማ ደፉ ላይ ደርሳለች።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ፤ ስቡ...»

ስሚልያና ሳህኑን አየች፣ ድመቷን አየች። ከዚያ የአማቷን እጅ አንስታ ከመዳፏ ላይ ያንን ጥቁር ግራሶ በጣቷ ዛቀች። የበሩን መቃን ከላይ እስከ ታች ቀባችው።

«ይሄ እንኳ በቀላሉ አይለቅም፣ እማ» አለቻት።

ዛጎርካ እያለቀሰች አቀፈቻት። ነጩ ቀሚስ ጀርባ ላይ ሁለት ጥቁር መዳፍ ቀረ።