ሚስቱ ሥራ ላይ ናት

በዘመኑ የአክሽን ፊልሞች ላይ ብዙ ቅሬታ አለኝ። መኪናው ሲገለበጥ እንጂ ነዳጅ ሲቀዳ አይታይም። ጀግናው ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ተነሥቶ ይሮጣል፤ እኔ የወልቂጤን ዳገት በእግሬ ከወጣሁ ሁለት ቀን ጉልበቴን ያመኛል። መቶ ሰው ተሰልፎ ይተኩስበታል፣ አንዱም አያገኘውም። ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን የጀግናው ሚስት ሁልጊዜ ጥላው የሄደች መሆኗ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ባዶ ቤት ቁጭ ብሎ ፎቶዋን ያያል። ከዚያ አንድ ሰው ይደውልለትና ዓለምን ለማዳን ይወጣል። እኔም ባዶ ቤት ቁጭ እላለሁ፤ የሚደውል ግን የለም።

ወልቂጤ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በአገና በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡታጅራ፣ አባቴ ጋ እሄዳለሁ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ቤት ብቻውን ይኖራል። ያየው ሰው መዝሙር ብቻ የሚሰማ ይመስለዋል እንጂ የተኩስ ፊልም ነፍሱ ነው። ክፉው ሰው መጨረሻ ላይ ዋጋውን እስካገኘ ድረስ ኃጢአት የለበትም ባይ ነው። መሳሳም ከመጣ ብቻ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ እኔ «አለፈ» ስለው ይመለሳል።

እንግሊዝኛ አያውቅም። ስለዚህ ምሳ ከበላን በኋላ ፍላሼን ቴሌቪዥኑ ላይ እሰካና አጠገቡ ተቀምጬ እየተከተልኩ እተረጉምለታለሁ። እናቴ በነበረችበት ጊዜ ወሬውን ሁሉ የምታገናኘው እሷ ነበረች። እሷ ካረፈች ወዲህ እኔና አባቴ ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ የምንለው ይጠፋናል። ፊልሙ ባይኖር ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም።

አሁን የእኔን ጉድ ልናገር። ባለቤቴ ትታኝ ከሄደች ዓመት አልፏታል። ነርስ ናት። እሷን ለማጨት ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤተሰቦቿ ሲሄዱ ከፊት የሄደው አባቴ ራሱ ነበር፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ ደጃፋቸው ላይ የቆመው እሱ ነው። በእኛ ዘንድ ትዳር ሲናጋ መጀመሪያ የሚጠሩት እነዚያው ያጋቡት ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፣ ይገሥጻሉ፣ ሲሆንላቸውም ያስታርቃሉ። እኔ ማንንም አልጠራሁም። አፈርኩ። አባቴ «ምነው ሙሽራዋ ጠፋች?» ሲለኝ «ተረኛ ናት» አልኩት። የነርስ ሥራ ለውሸት እንዴት እንደሚመች አትጠይቁኝ፤ ቅዳሜም ተረኛ ናት፣ በበዓልም ተረኛ ናት።

ችግሩ ወደ ፊልሙም ገባ። አንድ ቅዳሜ ጀግናው ለጓደኛው «ትታኝ ሄደች» ብሎ ሲነግረው አባቴ «ሚስቱ የት ሄዳ ነው?» አለኝ። አፌ ሳያማክረኝ «ሥራ ላይ ናት» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጣው ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ጀግናም ሚስቱ የለችም፤ እሷንም ሥራ ላከኋት። አንዷን ነርስ አደረግኳት። አባቴ «የፈረንጅ ሴት ሥራ ትወዳለች» አለ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም።

በሥራ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ስልኬ ላይ ጌም እከፍታለሁ። አራት አራት ሆነን በፓራሹት ወርደን የምንታኮስበት ነው። ጌም ከፊልም ይሻላል ብዬ የምከራከርበት አንድ ነገር አለኝ። ስትመታ ወዲያው አትሞትም፤ እየዳህክ «አንሡኝ» ትላለህ፣ ፊቱን አይተኸው የማታውቀው ልጅ ተኩሱን ትቶ መጥቶ ያነሣሃል። ሰው ሲወድቅ እንዲህ ቶሎ የሚደረስለት ሌላ ቦታ አላውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሁሉም ሳይሰናበት ይጠፋል፤ ቤቱም እንደነበረው ፀጥ ይላል፣ ያኔ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

ባለቤቴ እያለችም እጫወት ነበር። ስለ ውሎዋ ስታወራኝ አንዱ ጆሮዬ ጌሙ ጋ ነው። «ትሰማኛለህ?» ስትለኝ የመጨረሻ ቃሏን ደግሜላት «እየሰማሁሽ ነው» እላት ነበር። ይህን ዘዴ የተማርኩት ከኋላ ወንበር ተማሪዎቼ ነው። አንድ ቀን መጠየቋን አቆመች፤ ተሻሽዬ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየችም፤ ልብሷን ሰብስባ አዲስ አበባ እኅቷ ጋ ሄደች። አልጮኸችም፣ በር ወርውራ አልዘጋችም።

ያለፈው ወር አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ቡታጅራ ሄድኩ። ምሳ በልተን ፍላሼን ላወጣ ስል አባቴ «ቆይ» ብሎ ከኪሱ የራሱን ፍላሽ አወጣ። ፍላሽ እንዳለው እንኳን አላውቅም ነበር። ጎረቤቱ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ፊልምም ይጭናል።

«ያንን ባለ ጠባሳውን ሰውዬ በአማርኛ ተተርጉሞ ጭኖልኝ አየሁት» አለኝ።

«ጥሩ ነው?» አልኩት።

«ሚስቱ ሥራ ላይ አይደለችም። ትታው ነው የሄደችው።»

የምሳውን ሰሃን ማንሣት ጀመርኩ።

«ከዚያ በፊት ያየነውንም አስጫንኩ። የእሱም ትታው ነው። ያቺ ነርስ ናት ያልከኝም ነርስ አይደለችም።»

ይኼን ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። መነጽሩን አድርጎ ፍላሹን ሰካና ፊልሙን ሴትየዋ ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ እስከቆመችበት ድረስ አሳለፈው። «እዚህ ጋ ተርጓሚው ተቻኩሎ ነው ያለፈው» አለኝ። «ረጅም ነገር ነው የምትለው፣ እሱ በአንድ ቃል ጨረሰው። አንተ አስተማሪ ነህ። በትክክል ንገረኝ።»

ድምፄን አስተካክዬ ነገርኩት። «አጠገቤ ተቀምጠህ ትናፍቀኛለህ ነው የምትለው። ከሩቅ ብትናፍቀኝ ይሻላል፣ ቢያንስ ምክንያቱን አውቀዋለሁ ትላለች።»

አባቴ ሪሞቱን ፈልጎ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ከመንገድ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ያንተዋስ ምን ብላ ሄደች?»

ላስብ ሞከርኩ። ያን ቀን ስለ ሻንጣው፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ቁልፉ አስታውሳለሁ። አንድ ነገር ተናግራለች፤ ቃሉን ግን አላገኘሁትም።

«በደንብ አልሰማሁም አባባ።»

እጁን፣ መርፌ የጠቀጠቀውን አውራ ጣቱን አየ። «ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ልጅቷን የተቀበልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ልጄ ጨዋ ነው፣ ይጠብቃታል ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስትሄድ እንዴት እኔን አትጠራኝም? ልጅቷ እኮ የምትናገርበት ቦታ አጣች።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ እሱን እንዳላሳዝን ስዋሽ፣ የምትናገርበት ያጣችው እሷ እንደሆነች አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። የተተውኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

«ይቅርታ አባባ» አልኩት።

«ለእሷስ ብለሃታል?»

አላልኳትም።